ጋሽ በራሶ ያስተማሩን ዓርቦች

ባለፈው ኅዳር ከዲላ ወደ ገደብ ስንሄድ ሚኒባሱ ወርቃ አካባቢ ጎማ ለመቀየር ቆመ። በሩ ሲከፈት ከቡና ማጠቢያው የሚመጣው ሽታ ገባ፤ የተፈለፈለ ቀይ ቡና ልጣጭ ጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ ሲብላላ የሚሸተው፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነው። ተሳፋሪው አፍንጫውን ያዘ። እኔን ግን ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። እሱም ከማጠቢያ በታች ነበር፤ በቡና ወቅት ደብተራችን ሳይቀር ይህን ይሸት ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ቲቸር ሰናይት የምትባል ወጣት ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥታ መጣች። ሒሳብ ትፈራ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምራ «ሁለት አምስተኛ» ብላ ጻፈች። ክፍል የደገመ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ተሳስተሻል!» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ሰሌዳውን በእጇ ጠርጋ፣ የጠመኔው ዱቄት ፊቷ ላይ እንዳለ ወጥታ ሄደች።

ዳይሬክተራችን ጋሽ በራሶ ወሬውን ሰሙ። ክርኑ የተጣፈ ግራጫ ኮት የሚለብሱ ረጅም የጌዴኦ ሰው ነበሩ፤ አማርኛቸው ወንዱንና ሴቱን ያደባልቃል። በማግስቱ አንድ ሸንኮራ ይዘው ሲገቡ ሊቆጧት መሰለን።

«ሰናይት፣ ዛሬ እኔ ላስተምር» አሏት። «አንተ ከኋላ ተቀመጥና ስህተቴን ጻፍልኝ።»

አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እሳቸው ስድስት አንጓ ያለውን ሸንኮራ አነሡ። ግማሹ ሦስት አንጓ፣ ሢሶው ሁለት አንጓ፤ ሲደመር ከስድስቱ አምስቱ። እኔም ገባኝ፤ ሰናይትም ራሷን ስትነቀንቅ አየኋት።

ሲጨርሱ በረንዳው ላይ «እሺ፣ ምን አጠፋሁ?» ብለው ጠየቋት።

የጻፈችውን አይታ «መስኮቱ ጋ ያሉትን ልጆች አንዴም አልጠየቋቸውም» አለች።

«እውነት ነው» አሉና ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው ጻፉት።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ከኋላ ይቀመጥ ነበር። የሚነጋገሩት ግን እኛ ከወጣን በኋላ ነው። በእኛ ፊት አንድም ቀን አርመዋት አያውቁም።

በዓመቱ፣ ከእኛው ጋር አልፋ አምስተኛ ክፍልን ስታስተምር፣ ቅዳሜና እሑድ ዲላ እየሄደች ዲፕሎማዋን እንድትማር ገፋፏት። ዓርብ ከሰዓት መኪና ካልያዘች ስለማትደርስ «ክፍሌንስ ማን ይይዝልኛል?» አለች። «እኔ አለሁ» አሏት። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ቢሯቸውን ቆልፈው እኛን ያስተምሩ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ ሳል ጀመራቸው። ዐረፍተ ነገር መሀል ላይ ያቆሙና ግድግዳውን ይዘው ይቆያሉ።

ሰናይት የመጨረሻውን ፈተና ለመውሰድ ሳምንቱን ሙሉ ዲላ ስትሰነብት ሁሉንም ቀን ያዙላት። ረቡዕ ዕለት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ መነሣት አቃታቸው። ዘበኛውና ሁለት መምህራን ደግፈው መኪና ላይ አወጧቸውና ዲላ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ዓርብ ዐረፉ። ሰናይት ከሆስፒታሉ የእግር መንገድ ርቀት ላይ ተቀምጣ ትፈተን ነበር።

ቅዳሜ ስትመለስ ከቀብር ደርሰን ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በጋሽ በራሶ ባለቤት እግር ሥር ወደቀች።

«እዚያው ዲላ ሆኜ እንዴት አትነግሩኝም? አጠገባቸው ሆኜ?»

ባለቤታቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ልልክብሽ ነበር፤ አስማለኝ» አሉ። «‹ሰናይት ፈተናውን ይጨርስ፤ ከዚያ ንገሩት› አለኝ። ሌላ አልተናገረም።»

ሰናይት ከወደቀችበት አልተነሣችም። እስኪመሽ ድረስ መሬት ላይ ተቀምጣ አየናት።

ሰኞ ጥቁር ለብሳ ክፍል ገባች። ማካፈል ስታስተምረን አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ በዜሮ ማካፈል ለምን አይቻልም?» ብላ ጠየቀች። ሰናይት ጠመኔውን አስቀመጠች። ከዚያ ወደ እኛ ዞረችና «አላውቀውም» አለች፤ ድምፅዋ አልተሰበረም። «አንብቤ ነገ እነግራችኋለሁ።»

በማግስቱ ደወል ሳይደወል ስንገባ የሰሌዳው ግማሽ የዜሮው ጥያቄ መልስ ተጽፎበት፣ ጥቁር ሻሿን አስራ ቆማ ትጠብቀን ነበር።