«ያው እባብ ነው» ያሉት መምህርት

መምህርት አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጌጃ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ልደታ ለቀብራቸው የመጣችሁም፣ ሳትሰሙ የቀራችሁም፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔ ከሳቸው ጎን ባለው ክፍል ለብዙ ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ባልደረባቸው ነኝ። ማጋነን አልወድም፤ እሳቸውም አይወዱም ነበር።

የሚያስተምሩት ባዮሎጂ ነበር። ከእንስሳት ሁሉ የሚያስቀድሙት ደግሞ አንድ ቡናማ የጫካ እባብ ነው፤ በልደታ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ሥር፣ በበሰበሰው ቅጠል ውስጥ ይኖራል። ቀን ተደብቆ ይውላል፣ ሲመሽ አይጥ ፍለጋ ይወጣል፣ ያገኘውን ተጠምጥሞ አንቆ ይውጣል። መርዝ የለውም። «ቢነክሳችሁ ይጭራችኋል፤ በሳሙና ታጥባችሁ ትምህርታችሁን ትቀጥላላችሁ» ይሉ ነበር። አንዳንድ ቀን እባቡን በቦርሳቸው ይዘው ስለሚመጡ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከቦርሳቸው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። «መምህርት፣ ዛሬ ብቻዎን ነዎት?» ብለን ስንጠይቃቸው ቦርሳቸውን ወደ እኛ ገፋ ያደርጉታል።

ክረምት ሲገባ ጎርፉ እባቡን ከጉድጓዱ ያስወጣዋል፤ ያን ጊዜ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ ሰው እየመጣ ይጠራቸዋል። አንዴ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ልጇን እባብ የነከሰባት እናት ስታለቅስ አገኘናት። እሳቸው እባቡን ከአልጋ ሥር በእጃቸው አወጡ፣ አገላብጠው አዩት፣ ጆንያ ውስጥ ከተቱት። ሥራው አልቋል ብዬ ስነሣ ቁጭ አሉ። «መርዝ የለውም ብዬሻለሁ፤ በእኔ ቃል ብቻ ግን ልብሽ አያርፍም። ልጁ ደህና መሆኑን አብረን እንይ» ብለዋት ልጁ ተነሥቶ ራቱን እስኪበላ ድረስ አብረዋት ቆዩ።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን በደርግ ዘመን የሆነውን ነው። መንግሥት ስሙን የቀየረበት ሰሞን ነበር፤ በየስብሰባው ወታደራዊው አስተዳደር ቀርቶ አዲስ ሥርዓት ተወለደ ይባላል። መምህርት አስካለ በዚያው ሳምንት እባብ ቆዳውን እንዴት እንደሚቀይር ያስተምራሉ። ጊዜው ሲደርስ ዓይኑ እንደሚደበዝዝ፣ መብላት እንደሚተው፣ አፍንጫውን ድንጋይ ላይ አሽቶ አሮጌውን ቆዳ እንደሚገፍ አስረዱ። ቀጥለውም «ቆዳው አዲስ ነው፤ እባቡ ግን ያው እባብ ነው» አሉ። ተማሪው በሳቅ አውካካ። ሳቁ እኔ ክፍል ድረስ ተሰማ። እሳቸው ግን ልጆቹ ምን እንዳሳቃቸው አልገባቸውም ነበር።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠሩ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ቁጭ በሉ እንኳ አላለንም።

«ጓድ መምህርት፣ ያው ነው ያሉት ማንን ነው?»

«እባቡን።»

«የትኛውን እባብ?»

«ቡናማውን። እዚሁ ልደታ አለ፤ ከፈለጉ ላመጣልዎት እችላለሁ።»

በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቁን ሊደብቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ነገ ክፍል ገብተው «እባቡም አዲስ ይሆናል» ብለው እንዲያርሙ፣ እምቢ ካሉ እንደሚታሰሩ ነገራቸው። በዚያ ዘመን የገባ ሁሉ እንደማይወጣ አውቃለሁ። «ይበሉና ይገላገሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ዞር ብለው አዩኝ። «አንድ ልጅ ፈተና ላይ ይህን ቢጽፍ እኮ ኤክስ የማደርግበት እኔ ነኝ» አሉ።

አሰሯቸው። ከሳምንታት በኋላ ከስተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ ተመለሱ። የተመለሱ ዕለት ከክፍላቸው በር አጠገብ ቆሜ አዳመጥኩ። «የት ላይ ነበር ያቆምነው?» አሉ። አንዲት ልጅ «ቆዳ መቀየር ላይ» አለች። መምህርት አስካለ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በዚያው ድምፅ ደገሙት። አሁን የሳቀ የለም። ሁሉም አቀርቅሮ ጻፈው።

ዘመኑ ካለፈ በኋላ ሰዎች ጀግና ሲሏቸው ይቆጡ ነበር። «ስለ እባብ ነው ያወራሁት» ይላሉ።

መምህርት አስካለ፣ እኔ አምንዎታለሁ፤ ያወሩት ስለ እባብ ነው። ለሀገር ሲሉ የታሰሩ ሰዎች አውቃለሁ። ስለ አንድ የጫካ እባብ ልጆችን አልዋሽም ብሎ የታሰረ ግን ከእርስዎ በቀር አላየሁም። እንግዲህ ደህና ይሁኑ። ደፋር ነበሩ ብል ይቆጡኛል፤ ስለዚህ ናፍቀውኛል ብቻ እላለሁ።