ለእርቁ ሥጋ የገዛኋቸው ሰንጢዎች

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ነው። ለዓመታት አንስቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ቡሬ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሱቅ በደረቴ በመስኮቱ በኩል የካርቶን ክዳን ላይ የደረደራቸውን ሰንጢዎች ወደ ፊቴ አስጠጋቸው።

«ለማንጎ፣ ለሸንኮራ፣ ለሁሉም የምትሆን! አንዷን ውሰጂ እህቴ!»

አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንዷን አንስተው ስለቷን በአውራ ጣታቸው ሲሞክሩ ፊቴን አዞርኩ። ብወርድ ደስ ባለኝ፤ ግን ለመውረድ ሰው ማስነሳት ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ ሰው ማስነሳት አይሆንልኝም። እንደተቀመጥኩ ያ ግንቦት መጣብኝ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ገባ ብሎ ነው። አባቴን የገደለው እዚያው ጎረቤታችን የነበረው አያ ዘለቀ ነው። አያ ማለቱን ከልጅነቴ ስለለመድኩት ልተወው አልቻልኩም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ከወገቡ ባወጣው ቢላዋ ወጋው። ሰዎች አባቴን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሲሮጡ ከኋላ ተከተልኳቸው። ደሙ በቃሬዛው ሥር እየተንጠባጠበ አቧራው ላይ ትንንሽ ጉድጓድ ይሠራ ነበር። እየዘለልኩ ሄድኩ፤ የአባቴን ደም ላለመርገጥ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ መንጠባጠቡ ቆሞ ነበር።

አያ ዘለቀ ታስሮ ወጣ። ሲወጣ ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ጎልምሶ ነበርና የአገሩ ዓይን እሱ ላይ ዐረፈ። በእኛ አካባቢ ዳኛ ቢፈርድም ባይፈርድም ደም የሚመልሰው የሟች ልጅ ነው። ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ ሴቶቹ እናቴ እየሰማች፣ «እነዚያ ቤት ሱሪ የሚታጠቅ የለም እንዴ?» ይባባሉ ነበር። ይርጋ ፀጉሩን መቆረጥ ተወ፤ ከሰው ጋር መብላት ተወ። አያ ዘለቀ በመንገድ ሲያልፍ በሬዎቹን አቁሞ ከዓይኑ እስኪጠፋ ያየዋል። እናቴ እንደዚያ ሲያይ ባየችው ቁጥር የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል።

የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት የነበሩት መምሬ ታፈረ ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንተው እርቅ አስጀመሩ። እርቁ የሚያልቀው በሥጋ ነው። ወይፈን ይታረዳል፤ የሟች ልጅ ቆርጦ ገዳዩን ያጎርሳል፣ ገዳዩም ቆርጦ የሟችን ልጅ ያጎርሳል። ልጁ የጎረሰውን ከዋጠ ደሙ ደረቀ ማለት ነው። ከተፋ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሽማግሌ በመካከል አይገባም። ወንድሜ ከተፋ ወይ ይገድላል ወይ ይሞታል፤ ሦስተኛ ነገር አልነበረም።

ሥጋው የሚቆረጥበት ስለት ከሁለቱም ቤት መምጣት የለበትም። ቀደም ሲል በአንድ ሌላ ቀበሌ ለእርቅ የቀረበውን ቢላዋ የሟች እናት ልጇ የተወጋበት መሆኑን በእጀታው አውቃ ነበር። ያን ቀን ከእርቁ ዳስ ሬሳ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች አዲስ ሰንጢ ያስገዛሉ፤ ሁለቱ ወገን ባዋጣው ገንዘብ፣ ማንም ተበለጥኩ እንዳይል ሁሉም አንድ ዓይነት። ሰንጢ የሚሆነው ተራው ያልደረሰ ሰው ስለቱን አጥፎ ፊት ለፊቱ እንዲያስቀምጥ ነው። ለሁለቱ ባለደሞችና ለአራቱ ሽማግሌዎች ስድስት ይበቃል ተባለ።

«ወንድ ከላክን ለጦርነት የሚሆን ይዞልን ይመጣል» አሉ መምሬ። «ልጅቱ ትሂድ። ተምራለች፤ አፍም የላትም።»

አፍ የላትም ማለታቸው ምስጋና ነበር።

ቅዳሜ ሄድኩ። የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ ስለነበር የፍኖተ ሰላም ገበያ ጭቃና የማንጎ ልጣጭ ሆኖ ያዳልጣል። አየሩ የበሰለ ማንጎና የእርጥብ ጆንያ ሽታ ተሞልቷል። ሦስት ሱቅ በር ላይ ቆሜ ሳልናገር ተመለስኩ። አራተኛው ሱቅ ባለቤቱ ወፍራምና ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበሩ፤ ሳልጠይቃቸው፣ «ግቢ እንጂ፣ በሩ ላይ ዋጋ አይቀንስም» አሉኝ።

«ሰንጢ ነበር የምፈልገው። ስድስት።»

«ስድስት! ማኅበር ልታቋቁሚ ነው ወይስ ልትሸፍቺ?»

«ለሥጋ ነው።»

«የማን ሥጋ?» ብለው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔ አለመሳቄን ሲያዩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ዕቃውን ዘረገፉት።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ጥቁርና የሚያምር ነበር፤ ቁልፉን ሲጫኑት ስለቱ ተወርውሮ ይወጣና ይቆለፋል። ክፉ ድምፅ ነበረው። በያዝኩት ብር የሚገዛው ደግሞ ሦስት ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስለቱ አጭር ሆኖ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን አራት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የተለያየ ነገር ይዤ ብመለስ ደግሞ ጥሉ በእጀታ ቀለም ሊነሳ ይችላል። በመጨረሻ ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የለበሱ ባለእንጨት እጀታዎች አየሁ።

«እነዚያስ?»

«እነሱ እንኳ ይቅሩብሽ። ርካሽ ናቸው፣ መቆለፊያ የላቸውም። እየጎተትሽ ከቆረጥሽ ደህና ይቆርጣሉ። ጫፏን ከተጫንሽ ግን ስለቷ ተመልሳ ጣትሽ ላይ ትታጠፋለች። አንዱ የቆርቆሮ ጣሳ ሊበሳባት ሲል ጣቱን ዘነጠለችው፤ እዚሁ መጥቶ ሰደበኝ።»

«ሁልጊዜ ትታጠፋለች?»

«ምን አልሽ?»

«ሲወጉባት… ሁልጊዜ ነው የምትታጠፈው?»

ሰውየው ጨዋታቸውን ተዉ። ፊቴን ትንሽ አዩት። «ሁልጊዜ» አሉ ቀስ ብለው።

አንዷን ከፍቼ ጫፏን ባንኮኒው ላይ ተጫንኩ። ታጠፈች። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም እሺ ብለው ታጠፉ። «እነዚህን ጠቅልሉልኝ» አልኳቸው። በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ከሱቁ ስወጣ አንድ እጅ አንጓዬን ያዘኝ። የአያ ዘለቀ የወንድም ልጅ ሙሉቀን ነበር።

«ምን ገዛሽ፣ የሟች ልጅ?» ጥቅሉን በሌላ እጁ ጨምቆ ለካው። «ለመቁረጥ ነው ለመውጋት?»

ጥቅሉን ወደ ራሴ ሳብኩ። አንጓዬን እንደ እርጥብ ልብስ ጠመዘዘው።

«ወንድምሽን ንገሪው። ነገ ሥጋውን አላምጦ ይዋጥ። ከተፋ ምራቁን በገዛ ደሙ ነው የማጥብለት።»

ሲለቀኝ ጣቶቹ ቆዳዬ ላይ ቀርተው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ነጠላዬን ስቤ ሸፈንኳቸው። ለይርጋ አልነገርኩትም፤ ብነግረው እሑድን አንደርስም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ግቢ በተሠራው ዳስ ተሰበሰብን። ጠመንጃ ሁሉ መምሬ ጓዳ ተቆለፈበት፤ ዱላ አጥር ጥግ ተከመረ። እኛ ሴቶቹ ከዳሱ ጀርባ ቆምን። አያ ዘለቀ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ባዶ እግሩን፣ እያነከሰ ገባና ይርጋ እግር ሥር ተንበረከከ። እስር ቤት አስረጅቶት ነበር። ይርጋ ድንጋዩን አነሳለት። ከእናቴ ደረት ትንፋሽ ሲወጣ ሰማሁት።

ሽማግሌዎቹ ሰንጢዎቹን አከፋፈሉ። ከወይፈኑ ታናሽ ከሚባለው ብልት አንድ ቁራጭ መጣ። አያ ዘለቀ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ ይርጋ ሌላውን ይዞ ሰንጢውን ከፈተና መቁረጥ ጀመረ። ሥጋው ሞቅ ያለ ስለነበር እየተንሸራተተ አስቸገረው።

ከኋላ ሙሉቀን፣ «ከሥጋው ጋር ይታገላል እንዴ? አባቱም እንዲሁ ነበር፣ ሲወጋ እንኳ እጁ አልተነሳም» አለ።

ይርጋ ዞሮ አላየውም። ሰንጢውን ፊት ለፊቱ ወደነበረው የአያ ዘለቀ ደረት ሰነዘረው።

ስለቱ ጋቢውን ነክቶ ታጠፈ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የብረቱ ይሁን የጣቱ አላውቅም። ይርጋ እንደ ቆሰለ በሬ አጓራ። ደሙ ሥጋው ላይ፣ የሽማግሌዎቹ ነጭ ልብስ ላይ ተረጨ። ሙሉቀን የዳሱን ምሰሶ ነቅሎ ነበር። የመጀመሪያው ምት ይርጋን ትከሻው ላይ አግኝቶ ጣለው። ወንዶቹ ወደ ዱላው ክምር ሮጡ፤ አንዱ የአንዱን ጉሮሮ ይዞ ጭቃው ላይ ይንከባለላል፤ ዳሱ በግማሽ ወርዶ ሰው ላይ ወደቀ። አያ ዘለቀ ይርጋ ላይ ተከመረበት። ሊጨርሰው ነው ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ሁለተኛው ምት የአያ ዘለቀን ራስ መታው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሰውየው ወንድሜን በገላው ሸፍኖት ነበር።

ሙሉቀን ምሰሶውን ጣለው። «ጋሼ! ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

አያ ዘለቀ ቀና አለ። ከግንባሩ የሚወርደው ደም በይርጋ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። «ውጣልኝ ከዚህ» አለው። «በአንድ ሰው ደም ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ሌላ አትጨምርብኝ።»

የሚታገለው ሁሉ አንድ በአንድ ቆመ። አያ ዘለቀ በጉልበቱ እየዳኸ ሥጋውን ከመሬት አነሳ፤ ጭቃውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። የራሱን ሰንጢ ከፍቶ ቀስ ብሎ፣ እየጎተተ፣ ትንሽ ቆረጠ። ወደ ይርጋ አፍ አቀረበው።

«ልጄ» አሉ መምሬ ታፈረ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ማንም አያስገድድህም። ብትተፋም አልረግምህም።»

ይርጋ አፉን ከፈተ። ማላመጥ ጀመረ። የተቆረጠ እጁን በብብቱ ሥር ቀብሮ፣ ዓይኑን ከአያ ዘለቀ ዓይን ሳይነቅል ረጅም ጊዜ አላመጠ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር። እኔ የማየው ጉሮሮውን ብቻ ነው። ከዚያ ጉሮሮው ወጣና ወረደ።

ጤና ጣቢያ የሰፋችው ነርስ የሁለት ጣቶቹ ጅማት መበጠሱን ነገረችን። ከዚያ ስንመለስ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ደጃፍ ተቀምጦ ጠራኝ።

«ሰንጢዎቹን አንቺ ነሽ የመረጥሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንደሚታጠፉ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የሱም እንዲሁ ነበረች?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።»

ፋሻውን በጤነኛ እጁ ጠበቅ አደረገ። «እኔ እንደምወጋው ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«ማን እንደሚወጋ አላወቅሁም» አልኩት። እውነቴን ነበር። ተነስቶ ገባ፤ እስኪነጋ አላናገረኝም።

ይርጋ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም፤ ሴት ልጁ እየያዘች ትጫወትባቸዋለች። አያ ዘለቀ ታሞ አልጋው ላይ ሞተ፤ ይርጋ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ሰው ስለዚያ ቀን ሲያወራ ወንድሜ ስለዋጣት ጉርሻ ያወራል፤ አያ ዘለቀ ስለተቀበለው ዱላ ያወራል። ስለ ሰንጢዎቹ የሚያነሳ የለም፣ እኔም አላነሳም። ያደረግሁት ነገር የወንድሜን እጅ እንደሚበላ አውቄ ብሆን እንኳ እነዚያኑ እገዛ ነበር። ይህን ለመጻፍ ይህን ያህል ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ምናልባት ሰዎች ዝምተኛ ሰው ክፉ አያስብም ብለው ስለሚያምኑ ይሆናል።

በእርቁ ማግስት፣ ሰኞ ሲነጋ፣ ዝናቡ ዳግም ጥሎ አባርቶ ነበር። በቆሎ የሚዘራበት ሳምንት ነው፤ መሬቱ ረስርሶ ይጠብቃል፣ ይርጋ ግን እርፍ የሚጨብጥበት እጅ የለውም። ደቦ ለመጥራት ከዚያ ሁሉ በኋላ የማንን ደጅ እንመታለን? በሬዎቹን ከበረት አወጣሁ። በእኛ አገር ሴት ትኮተኩታለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ አትይዝም።

«ኧረ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች እናቴ በር ላይ ቆማ።

ቀንበሩን ሁለቴ ስቼ ሦስተኛው ላይ ጠመድኩ። ማረሻውን መሬት ውስጥ ስተክለው ተንሸራቶ ወጣ። እንደገና ተከልኩት። በሬዎቹ ሲንቀሳቀሱ እርፉ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነቀነቀው፤ ትልሙ እንደ እባብ ተጣመመ። ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች መንገዱ ላይ ቆመው ማየት ጀመሩ።

«ጉድ ነው! የተማረችዋ ልታርስልን ነው!» አለ አንዱ።

አንገቴን ደፋሁ። ከኋላዬ እግር ሰማሁ። ይርጋ ነበር፤ የታሰረውን እጁን ደረቱ ላይ ይዟል፣ በግራው ጅራፍ አንጠልጥሏል።

«አትነቂው እርፉን» አለኝ። «ላላ አድርገሽ ያዢው፤ በሬዎቹ መንገዱን ያውቁታል።» ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሮ፣ «እናንተ ደግሞ ምን ቆማችኋል? ገበያው ይመሽባችኋል!» ብሎ ጮኸባቸው።

ጅራፉን በግራ እጁ አጮኸ። ሳይሆንለት ቀርቶ ራሱን ጆሮው ላይ መታው። መሳቅ አልደፈርኩም። እርፉን ላላ አድርጌ ያዝኩትና ሁለተኛውን ትልም ጀመርኩ።