የአምባዛው ክስ

የታሰርኩበት ክፍል ሰቆጣ ውስጥ ያለ የእህል መጋዘን ነበር። ማሽላው ወጥቷል፤ ነቀዙ ግን አልወጣም፣ አንገታችን ሥር ሲሄድ ይውላል። ሐምሌ ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አይቻልም። ሲያባራ አጠገቤ የተቀመጡት፣ የዚያው አገር የዝቋላ ወረዳ ሽማግሌ ዘወር አሉና፣

«አንተስ ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ።

«ዓሣ አጥምጄ ነው፣ አባቴ።»

ሳቁ። «እኔ እንኳ የጠፋች ፍየሌን ስፈልግ ነው። ያንተስ ባሰ!»

ቀልድ መስሏቸው ነው እንጂ እውነቴን ነበር። እኔ መምህር ነኝ። የሰኔ ጾም በተፈታ ሳምንት፣ እሑድ ቀን፣ ከጎረቤቴ ጋር ሚስቶቻችንንና ልጆቻችንን ይዘን ተከዜ የተገደበበት ሐይቅ ወረድን። ጎረቤቴ ሙስሊም ነው፣ ባለሱቅ። ዐሥራ ስድስት ዓመት በአንድ ግድግዳ ኖረናል። ድግስ ሲኖር ለእነሱ ለብቻ ይታረዳል፣ ለእኛም ለብቻ። ዓሣ ግን ማን አረደው አይባልም። በዓመት አንድ ቀን ከአንድ ትሪ የምንበላው ሥጋ እሱ ብቻ ነው፤ ልጆቹ ያንን ቀን ሲጠብቁ ይከርማሉ።

የዚያን ዕለት መረቡ ቆሮሶ በሚባለው ባለቅርፊት ዓሣ ሞላልን። መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ አምባዛ ወጣ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ እኛ አንበላውም፣ እነሱ ይበሉታል። ሚስቴ «ለእናንተ ውሰዱት እንጂ!» ብትለው፣ ጎረቤቴ «ዛሬ ለብቻ የሚበላ የለም» አለና አምባዛውን በጅራቱ ይዞ ወደ ውሃው ወረወረው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ይኸው ነው ወንጀላችን። ለካ ከኮረብታው ላይ የሚያየን ሰው ነበር። በተከራየነው ሚኒባስ ስንመለስ ኬላ ላይ ሁለታችንን አወረዱን። ልጆቼ መስኮቱን እየደበደቡ ሄዱ። እሱን ሌላ ክፍል፣ እኔን መጋዘኑ ውስጥ አስገቡን።

በአምስተኛው ቀን መርማሪው፣ ካስተማርኳቸው ልጆች በዕድሜ የማይበልጥ ሰው፣ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። «ጎረቤቴ ከጠላት ጋር የሚገናኝበትን ስልክ ወደ ሐይቁ ሲወረውር አይቻለሁ» ይላል።

«ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«የወረወረው አምባዛ ነው።»

«የያዘውን ዓሣ የሚመልስ ሰው የት አለ? ሞኝ አደረግኸን?»

«እኛ ስለማንበላው ነው። ለእኛ ብሎ ነው።»

«ሙስሊሙ ለአንተ ብሎ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። እስራቱን ችዬው ነበር፣ ነቀዙንም ለምጄዋለሁ። ያ ሳቅ ግን አንጀቴን አሳረረው። ኧረ ምን ጉድ ነው! ሰው ለጎረቤቱ ማሰቡ የሚያስቀው ምን ቢማር ነው?

እስከ ከሰዓት አስብበት ብሎ መለሰኝ። ለሽማግሌው ነገርኳቸው። «ልጆችህን አስብ» አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ፣ «የሱንም ልጆች» አሉ።

ከሰዓት እስክሪብቶውን ስቀበለው የመርማሪው ፊት ፈካ። «ከጠላት ጋር የሚገናኝበትን ስልክ» የሚለውን ሰረዝኩና ከላዩ «እኛ የማንበላውን አምባዛ» ብዬ ጻፍኩበት። ከሥሩ ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

«ይኸው፣ ፈረምኩ» አልኩት።

ወረቀቱን ቀደደው። ሁለት ወር ተጨመረልኝ።

ስፈታ «ጥፋቴ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። «ለማጣራት ነው» አሉኝ። ምኑ ተጣራ? ማንም ይቅርታ አላለኝም፣ ዛሬም ድረስ። ጎረቤቴ ቀድሞኝ ወጥቶ ኖሮ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ተቃቅፈን ትንሽ እንደሄድን፣

«በየቀኑ ‹ጓደኛህ ፈርሞብሃል› ይሉኝ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ አመንካቸው?»

መሬት መሬቱን አየ። «አንድ ቀን አመንኳቸው።»

የሁለት ወሩን እስር አንዳንዴ እረሳዋለሁ። አሳሪዎቼን ይቅር ማለት ያቃተኝ ስለዚያች አንድ ቀን ነው።