ከመሃል የተገመሰው መጽሐፍና የእህቴ ሽምግልና

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጣች። ሻንጣዋን ሳታወርድ፣ እናቷን በቅጡ ሳትስም፣ "አባዬ፣ የልቦለድ አወቃቀር ገጸ ባሕርይንና ጭብጥን እንዴት ይቀርጻል የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶኛል" አለችኝ። ይዛው የመጣችው ጥራዝ ወፍራም ከመሆኑ የተነሣ በር ቢደገፍበት ነፋስ አይነቀንቀውም። ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። የተራኪ አንጻር፣ የጊዜ ቅደም ተከተል፣ ምስጢርን ማዘግየት... እያንዳንዱ ቃል ከረባት ያሰረ ይመስላል።

"ይኼንማ እኔ የተማርኩት እህል ወፍጮ ቤት ነው" አልኳት።

"ኧረ አባዬ፣ ደግሞ ጀመርክ!"

ልጄ እኔ የማወራውን ሁሉ ለአሥር አካፍላ ነው የምትሰማው፤ አልፈርድባትም። ይኼኛውን ግን ሳታካፍሉ ስሙኝ። ስለ ጭቃው የምለውን ብቻ ለሁለት ብታካፍሉት አልቀየምም።

አሥረኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነበር። የዚያን ዓመት ፍኖተ ሰላም ላይ የዘነበውን ዝናብ ኖኅ ቢያየው ኖሮ መርከቡ ላይ አንድ ፎቅ ይጨምር ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ቤታችን የሚወስደው መንገድ የግራ ጫማዬን ሐምሌ ላይ ውጦ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። በዚያ ጭቃ ነው ታላቅ እህቴ ስመኝ ጓዟን አዝላ፣ ከቡሬ ከመጣው አውቶቡስ ወርዳ የገባችው።

"መጣሁ" አለቻት እናቴን።

"እሰይ ልጄ። ለስንት ቀን?"

"እንጃ።"

እናቴ የያዘችውን ጀበና መልሳ አስቀመጠችው።

ስመኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው ሽንዲ ለልየው የተዳረችው። ልየው ዝምታው ለጉድ የሆነ ሰው ነበር፤ በሬዎቹን እንኳ በአፉ ሳይሆን በዓይኑ የሚያዝ። ሐምሌ እንደገባ፣ መሬቱ ለስልሶ ጤፍ የሚዘራ ሰው በሚጠብቅበት ሰዓት፣ አንድ ማለዳ ተነሥቶ ጠፋ። አሥራ አራት ቀን። ሲመለስ ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ጢሙ አድጓል። የት ነበርክ? ዝም። ከማን ጋር ነበርክ? ዝም። ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው ወረደ። እሱ ዝም ቢል አገሩ ዝም አላለም፤ ቡሬ ላይ ሌላ ሴት አለችው ተባለ። እህቴ ሦስት ቀን መልስ ጠብቃ ጓዟን ጠቀለለች።

ኋላ ልየው ሽማግሌ ላከ፤ ለእሁድ ተቀጠረ። ስለዚህ እህቴ የያዘችው ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ ትመለስለት ወይስ ትዳሩን ታፍርሰው? ጠዋት ለእናቴ "አፈርሰዋለሁ" ትላለች። ከሰዓት ግን እንዝርቷን እያሾረች ጥጧን ትፈትላለች እንጂ ትንፍሽ አትልም።

በዚሁ ሳምንት ጓደኛዬ ደሴ ቡሬ ከሚያስተምር አጎቱ አንድ ልቦለድ ተውሶ መጣ። ሽፋኑ ስለሌለ ርእሱንም ደራሲውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። የተሰጠን ለስምንት ቀን ነበር። ማን ይቅደም በሚለው ልንደባደብ ትንሽ ቀረን። ኋላ ስናየው ስፌቱ ከመሃል ላልቷል፤ እንደ ድፎ ዳቦ ለሁለት ገመስነውና ዕጣ ተጣጣልን። ለእሱ የፊተኛው፣ ለእኔ የኋለኛው ግማሽ ደረሰን። ረቡዕ ልንለዋወጥ ተማማልን።

መጽሐፍን ከወገቡ ጀምሮ ማንበብ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሞተው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ እንደማፈር ነው። እያነበብኩ ሳለ እህቴ ከመደቡ ላይ ሆና "ከንፈርህን ብቻ ከምታንቀሳቅስ ጮክ በልና ለኔም ይድረሰኝ" አለችኝ።

በኔ ግማሽ ውስጥ የሚናገረው አስረስ የሚባል ገበሬ ነው። ወንድሙ ሰው ገድሎ ሸሽቷል፤ ደመኞቹ በወንድምዬው ፈንታ እሱን ይፈልጉታል። ቤቱ ቢያድር ጎጆውን ያነዱበታል። ለሚስቱ ለታንጉት ቢነግራት አስጨንቀው ያወጣጧታል። እናም ምንም ሳይላት በረሃ ወረደ። ሦስት ዓመት በስደት፣ በየዋሻው፣ የሷን ስም እየጠራ። እህቴ እንዝርቷን አቆመች። "ምስኪን! እንዲህ የሚያስብ ባልም አለ?" ብላ አለቀሰች። የኔን እንባ በበቆሎ ጥብሱ ጭስ አሳበብኩት።

ረቡዕ ጠዋት እኔና እህቴ እህል ልናስፈጭ ሄድን። ወፍጮ ቤቱ እንደ ወትሮው ሰው በሰው ላይ ነው። ሞተሩ ያጓራል፣ የዱቄቱ ብናኝ ሁላችንንም ሸብተን የተወለድን አስመስሎናል። ወረፋው ላይ የደሴ እናት እትዬ ማንጠግቦሽ ከልጃቸው ጋር አሉ። ለካ ደሴም የፊተኛውን ግማሽ ሲያነብላቸው ነው የሰነበተው። በዚያኛው ግማሽ ደግሞ ተራኪዋ ታንጉት ናት፤ ባሏ በትኩሳት ተኝታ ሳለ ጥሏት የሄደባት፣ ሦስት ዓመት በሰው በሬ ያሳረሰች።

"ሰማሽ ስመኝ" አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ በሞተሩ ላይ እየጮሁ፣ "ያ አስረስ የሚሉት እባብ የሠራውን?"

"እንዴ! አስረስን ነው እባብ የሚሉት እትዬ? እንደሱ ያለ ሰው የት ይገኛል!"

"ሚስቱን ከነትኩሳቷ ጥሎ የጠፋ! ሦስት ዓመት አንዲት ቃል ያልላከ!"

"ለሷ ብሎ እኮ ነው! ቅጠል እየበላ!"

"ይብላ! ሣርም ይጋጥ! እሷ የሰው ደጅ ስትጠና እሱ ቅጠል ቢበላ ምን ይፈይድላታል?"

ባለወፍጮው ሰው ተጣልቶ መስሎት ሞተሩን አጥፍቶ መጣ። ዱቄት የለበሱ ሴቶች ከበቡን። "የየት አገር ሰው ነው?" አለች አንዷ። "የማንኩሳ ይሆናል፤ እዚያ አንድ አስረስ አውቃለሁ፤ ዓይኑም አላማረኝ" አለች ሌላዋ። እኔና ደሴ ከጆንያ ጀርባ ሆነን እየተንፈራፈርን ስንስቅ ማንም ስላልጠየቀን አስረስ የመጽሐፍ ሰው መሆኑን አልተናገርንም። ፀሐይ ሳትዘነብል ወሬው ማንኩሳ ደርሶ፣ አንድ ምኑንም የማያውቅ ምስኪን አስረስ በሚስቱ ሳይኮረፍ አልቀረም። ኃጢአቱ በኛ ነው።

በዚያው ዕለት ግማሾቹን ተለዋወጥን። ሁለቱም ሴቶች ሙሉውን ሲሰሙ ይስማማሉ ብለን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ማንጠግቦሽ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ ቤታችን መጡ።

"ምስኪን አስረስ፣ አንጀቴን በላው!" አሉ ገና ከበሩ። "ያች ታንጉትስ ብትሆን፣ ትንሽ ብትታገሠው ምናለበት?"

"ምኑ ነው ምስኪን?" አለች እህቴ ጥጧን ጥላ። "ትኩሳት ላይ ጥሏት! አገር ሲስቅባት! ምክንያት ስላለው ነው የሷ ሦስት ዓመት የሚመለስላት?"

"ምን ሁነሻል አንች? ሮብ ዕለት ስትሟገችለት የነበርሽው አንች አይደለሽ?"

"እርስዎስ ሣር ይጋጥ ሲሉ አልነበር?"

ተያዩ። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። እህቴ ግን አልሳቀችም። እትዬ ማንጠግቦሽ ከሄዱ በኋላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"እውነቱን ንገረኝ። አንድም ገጽ አልዘለልክብኝ?"

"በጊዮርጊስ!"

"ደሴስ ለእናቱ?"

"እሱም አልዘለለም።"

"ታዲያ መጽሐፉ አንድ፣ ሰውየው አንድ። ምን ለያየን?"

አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ምሁር በእጄ ያለውን ግማሽ ማገላበጥ ጀመርኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመችው እህቴ ግን ጥጧን በጣቷ እያፍተለተለች አሰበችና "እኔ ዘንድ መጨረሻ የተናገረችው እሷ ናት፤ እትዬ ዘንድ እሱ ነው" አለች። "ለካ ሰው ልቡን የሚሰጠው ኋላ ለሰማው ነው። ጸሐፊውም ይኼን አውቆ ነው ሰውየውን ከኋላ ያስቀመጠው።"

ነገሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሲበላኝ ኖሯል። ደራሲው ባስቀመጠው ተራ ሲነበብ ያ መጽሐፍ "ሳትሰማ አትፍረድ" ይላል። እኛ በገለበጥነው ተራ ሲነበብ ደግሞ "ምክንያት ቁስልን አያሽርም" ይላል። አስረስ በአንዱ ተራ ጻድቅ ነው፤ በሌላው ጨካኝ ነው። አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፍልሰታ ስለነበር አሹቅና ጠላ ቀረበ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ውበቱ ነበሩ፤ ጢማቸው ብቻ ሦስት ሰው የሚያስታርቅ። ልየው ከበሩ ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በአገራችን ሥርዓት ከሳሽ ይቀድማል፣ ተከሳሽ ለክሱ ይመልሳል፣ ከዚያ ወደ ዕርቁ ነው። መጨረሻ የሚሰማው የተከሳሽ ቃል ነው ማለት ነው።

"በይ ልጄ፣ በደልሽን ተናገሪ" አሉ አያ ውበቱ።

"አባቶቼ፣ ቅር ካላላችሁ እሱ ይቅደም። እኔ እንዳልከሰስኩ ሁኖ፣ የሄደበትን ከመነሻው ያውራ። እኔ ኋላ እናገራለሁ።"

"ምን ማለትሽ ነው? በሬ በጭራው ይጠመዳል እንዴ? ከሳሽ ሳይከስ ተከሳሽ ምኑን ይመልስ?"

"መልሱን አይደለም አባቴ፣ ወሬውን ነው የፈለግሁት።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሷል። "እንግዲህ ሰማዩም አያስወጣንም፤ ይቅደም" አሉ አያ ውበቱ።

ልየው እስኪናገር ድረስ አንድ ጣባ አሹቅ ጨረስኩ።

"ጠበል ነበርኩ" አለ በመጨረሻ። "ሁለት ሱባኤ። እናቴ ልጅ የነሣችን እሷ ናት ስትል አራት ዓመት ሰማሁ። እኔ ብሆንስ አልኩ። ሱባኤ የገባ ከተናገረ ስለቱ አይሠምርም ይባላል፤ ስመለስም ፈርቼ ዝም አልኩ። ደግሞም ብነግራት ተስፋ ታደርጋለች፤ ሳይሆን ቢቀር ሁለት ጊዜ ታዝናለች።"

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አያ ውበቱ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። ያ መጽሐፍ ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

"ይቆዩኝ አባቴ" አለች ስመኝ። "የኔ ግማሽ አልተሰማም።"

ከዚያ አሥራ አራቱን ቀን አንድ በአንድ ቆጠረችው። "በሦስተኛው ቀን እናትህ፣ ልጄን በእርግማንሽ አባረርሽው አሉኝ። በስድስተኛው ቀን ከጎረቤት የሚያርስልኝ ሰው ለመንኩ፤ ባልሽ ሲመጣ ይለምነን አሉኝ። በዘጠነኛው ቀን በእግሬ ቡሬ ወጣሁ። ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት እየዞርኩ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው አላያችሁም ወይ አልኩ። አንዷ፣ የጠፋ ባል ጠጅ ቤት የሚገኝ ቢሆን እኛ ሁላችን ባለ ባል በሆንን ነበር ብላ ሳቀችብኝ።"

ልየው አንገቱን ቀና አደረገ። "ቡሬ ድረስ? በዚያ ጭቃ? በእግርሽ?"

"በእግሬ።"

"እኔ ጠበል ስጠጣ አንች ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት..."

ተነሥቶ ወደ ዝናቡ ወጣ። ሄደ ብለን ስንደነግጥ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ተመለሰና እግሯ ሥር ተንበረከከ። እናቴ ልብስ የምታጥብበት ድንጋይ ነው፤ አራት ጎረምሳ ነበር ያመጣው። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

እህቴ ብዙ አየችው። እኔ እንኳ አሹቁን ማኘክ አቆምኩ።

"አውርደው" አለችው። "እመለሳለሁ። ከእንግዲህ ግን ጠበልም ቢሆን ገደልም ቢሆን አብረን ነው የምንሄደው።"

ማክሰኞ ሽንዲ ተመለሱ። መስከረም ላይ አብረው ጠበል ገቡ፤ ከዚያ ቡሬ ጤና ጣቢያም አብረው ሄዱ። በሦስተኛው ዓመት ሴት ልጅ ተወለደች። ምስጋናውን ጠበሉም፣ ጤና ጣቢያውም፣ አማቷም እስከ ዛሬ ይሻሙበታል።

እዚህ ላይ ባቆምላችሁ የዕርቅ ታሪክ ይሆናል። ግን አንድ ነገር አውቄ አቆይቼባችኋለሁ። ልየው ከሦስት ወር በፊት አርፏል። በአርባው ሽንዲ ተሰብስበን፣ ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ እህቴ ጠራችኝ።

"አንተ ቀልደኛ፣ ስለሱ አውራላቸው። ከሞቱ ግን አትጀምር።"

"ከየት ልጀምር እታለም?"

"ከወፍጮ ቤቱ።"

እናም አወራሁ። ሰዉ በለቅሶ ድንኳን እየተሳቀቀ ሳቀ፣ ኋላም ሳይሳቀቅ ሳቀ። ስጨርስ ሁሉም ወደሷ ዞሩ። ነጠላዋን እያስተካከለች "ቡሬ ድረስ በእግሬ ስፈልገው የት እንዳለ አላውቅም ነበር" አለች። "አሁን አውቃለሁ።"

ልጄም በድንኳኑ ውስጥ ነበረች። ባለፈው ሳምንት ታዲያ የነገርኳትን ሁሉ ደብተሯ ላይ ከጻፈች በኋላ እስክሪብቶዋን ነክሳ ቆየች። "አባዬ፣ አክስቴ በአርባው ያለችውን የት ላስገባው? መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መጨረሻ?"

መጀመሪያ ላይ ቢሆን ወፍጮ ቤቱ እንዴት እንደሚያስቅ አሰብኩ። ምናልባትም የበለጠ ያስቅ ይሆናል። ይኼው ሳምንቴ ነው፤ አንዴ ፊት፣ አንዴ ኋላ እያደረግሁ እሞክረዋለሁ፤ በሞከርኩት ቁጥር ልየው ሌላ ሰው ሁኖ ይመጣብኛል።