ሱሪዬን የያዘው የሻለቃዋ መርፌ ቁልፍ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤታችንን የየኔታን ኮት ቁልፍ ስተክል ኮቱን ከራሴ ሱሪ ጋር ሰፋሁት። ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር የምሠራው። የኔታ መጥተው "ደረሰ?" ሲሉኝ፣ "ደርሷል" ብዬ ብድግ ስል ኮቱም አብሮኝ ተነሣ።

"ኮቴን ብቻ ነው የምወስደው ወይስ አንተንም?" አሉ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ "ሁለቱንም ይውሰዱልኝ የኔታ" አለች።

አፍሬ ቶሎ ቁጭ ስል ደግሞ ሱሪዬ ከኋላው ተተረተረ። ዕድሜ ልኬን ልብስ ሰፊ ነኝ እንግዲህ።

በሰው ፊት ሱሪ ሲቀደድብኝ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ ግን ቀልድ አልነበረም። ጎረምሳ ሳለሁ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ በአንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ የወታደር ልብስ እንሰፋ ነበር። አለቃችን ሻለቃ ናቸው፤ አጭር፣ ቀጭን ሴት። ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም፤ መጮኽም አያስፈልጋቸው። ካለቀው ክምር አንድ ሱሪ ይመዝዛሉ፣ ወገቡ ላይ የተጻፈውን የሰፊውን ቁጥር ያያሉ፤ ሰፊው እዚያው ለብሶት ሃምሳ ጊዜ ቁጭ ብድግ ይላል። ስፌቱ ከለቀቀ በሚቀጥለው መኪና ወደ ግንባር ነው። አንዱ ባልደረባችን በዚሁ ሄዷል፤ ደግነቱ በደህና ተመለሰ።

እኔ ደግሞ ፈጣን መባል እወዳለሁ። የሱሪ መቀመጫ ድርብ ይሰፋል፤ እኔ አንዴ ብቻ ሰፍቼ አልፋለሁ። ማን ቂጥ ሥር ገብቶ ያያል ብዬ።

አንድ ቀን የኔን ቁጥር መዘዙ።

ለበስሁና እንደ አራስ በቀስታ ዝቅ አልሁ።

"ቁጭ በል።"

"ቁጭ ብያለሁ ሻለቃ።"

"ያ ማጎንበስ ነው። ጥይት ሲመጣ እንዲህ ልትቀመጥ ነው?"

አሥራ አንደኛው ላይ ሱሪው ሲቀደድ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ተኩስ መስሎት ጠመንጃውን አነሣ። የስፌት መኪናው ሁሉ ዝም አለ። የውስጥ ሱሪዬ ከዱቄት ጆንያ የተሰፋ ነበር፤ ጽሑፉም አልለቀቀም። ሻለቃዋ በኋላዬ ዞረው አነበቡት።

"የተጣራ ሃምሳ ኪሎ" አሉ።

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እንዲህ የሰፋኸው ስንት ነው?" አሉኝ።

ግንባሩ ታየኝ። "ይህ ብቻ ነው" ልል አፌን ከፈትሁና "ሁሉም" አልሁ።

"ድንጋይ ለድንጋይ የሚሳቡ ልጆች ናቸው የሚለብሱት። ብልክህ እነዚያን ማን ይደግማቸዋል?" አሉ። ከአንገት ልብሳቸው መርፌ ቁልፍ ነቅለው ሰጡኝ። "ኋላህን ያዝበት። ሁሉንም ደግመህ ስትጨርስ ትመልስልኛለህ።"

ሦስት ሳምንት ደገምሁ። ስጨርስ እሳቸው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሮብ ገበያ ላይ ድንች ሲመርጡ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

"ሃምሳ ኪሎ፣ መርፌ ቁልፌስ?"

"አለ ሻለቃ፤ ሥራ ላይ ነው።"

እውነቴን ነው፣ ያን ቀንም ሱሪዬን የያዘው እሱ ነበር። እዚያው ነቅዬ ብሰጣቸው ገበያው ይበተናል። ወደ ኋላዬ አየት አደረጉና፣ "እንግዲያው ይቆይ" ብለው ድንቻቸውን አንሥተው ሄዱ።

ዛሬም የየኔታን ኮት አላቅቄ ከሰጠሁ በኋላ ሱሪዬን የያዝሁት በሱው ነው። አሁንም አልመለስሁላቸውም።