የጋሼ አባስ ፏፏቴ

መቱ መናኸሪያ አካባቢ ቀና ብላችሁ የምታነቡት ታፔላ ሁሉ የጋሼ አባስ እጅ ያረፈበት ነው። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ መጻፍ ሲጀምር የሱቆቹን ስም እንደ አዲስ የጻፉት እሳቸው ናቸው። መፈክርም ጽፈዋል፤ ባለሥልጣን ሲለወጥ የቀድሞውን አጥፍተው የአዲሱን ይጽፋሉ። ፖለቲካ ከተነሳ ግን «እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ብሩሽ ምን አገባው?» ይሉና ሻያቸውን ያማስላሉ። ይህን ነገራቸውን ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል።

ባለፈው ጥር እትዬ ኢህሳን የሻይ ቤታቸውን ግድግዳ ሰጥተዋቸው «የፈለጉትን ይሳሉ» አሏቸው። በሠላሳ ዓመት ይህን ያላቸው ሰው አልነበረም። ጋሼ አባስ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የሶርን ፏፏቴ ሳሉ፤ አጠገቡ ሲቀመጡ ልብስ የሚያርስ ይመስላል። ከሥሩ ደግሞ ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተሰልፈው ደረቅ ቧንቧ ላይ አፍጥጠዋል። የከተማው የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ያኔ አርባ ቀን አልፎት ነበር።

ወሬው የሚደርስበት ደረሰ። ከአንድ ቢሮ አቶ ቀነዓ የሚባሉ ሰው ሁለት ባልደረቦች አስከትለው መጡ። ሥዕሉ ፖለቲካ ካለበት በኖራ ሊያጠፉት ነው፤ ኖራውንም በከረጢት ይዘዋል። ጋሼ አባስ እንደዚያ ቀን ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። ያንን ሥዕል እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱት።

«ቢጫው የየትኛው ፓርቲ ነው?» አሉ አቶ ቀነዓ።

«የዘይት ጀሪካን ነው ጌታዬ። ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል።»

«ቧንቧው ለምን ደረቀ?»

«ሰማያዊ ቀለም አልቆብኝ ነው።»

ሳቄን ዋጥኩ። ሦስቱ በኦሮምኛ ተንሾካሾኩና አቶ ቀነዓ ፈገግ አሉ። «ዱጋ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ሥዕል ብቻ ነው፤ ምንም መልእክት የለበትም» ብለው ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉ። እትዬ ኢህሳን «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ምናለ ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ! የጋሼ አባስ ፊት ጠቆረ።

«እንዴት ነው ምንም የሌለበት?»

«ጋሼ አባስ፣ ኧረ ይተዉ!» አሉ እትዬ ኢህሳን።

«ሦስተኛዋን ሴት ይዩአት! ሻሚ ናት፣ ሚስቴ። ወገቧ የጎበጠው ውሃ ስታመላልስ ነው፣ ፏፏቴው አፍንጫችን ሥር ሆኖ! ይህ መልእክት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ደስ አለኝ፤ ደነገጥኩም። አቶ ቀነዓ የጻፉትን ሰረዙ።

«ኖራውን በጥብጡ!»

አንዱ ባልደረባቸው ባልዲ ይዞ ጓሮ ያለውን ቧንቧ ከፈተ። ቧንቧው አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ።

ይሄኔ እትዬ ሻሚ ከምንጭ የቀዱትን ውሃ በጀሪካን አዝለው ለሻይ ቤቱ ሊያደርሱ ገቡ። አቶ ቀነዓ ፊታቸው በራ።

«እናቴ፣ ያንን ውሃ እስቲ ይስጡን።»

እትዬ ሻሚ ግድግዳውን አዩ፤ ራሳቸውን እዚያ አገኙት። «ለምን ሊሆን ነው?» አሉ።

«አንቺን ለማጥፋት» አሉ ጋሼ አባስ።

እትዬ ሻሚ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡና ተቀመጡበት።

«ምንጩ ጋ ሰልፍ አለ፤ ሄዳችሁ ተሰለፉ።»