እንደሳቸው ነው

ፈታኙ ጥናቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ሁሉ መልስ ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ነው» አሉኝ። ድምጻቸው ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ገበሬዎቹን ሳላናግር ቢሮዬ ተቀምጬ መጠይቁን የሞላሁት መስሏቸዋል። መረጃውን እንደ አዲስ ሰብስቤ እንድመጣ ተወሰነ። በሁለተኛው ካልሆነልኝ የማስተርሱ ነገር በዚያው ያበቃል።

ዳንግላ ከተማ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ። አርባን ተሻግሬ ነው አግሪቢዝነስ ማኔጅመንት ልማር ብዬ የተነሳሁት። ቅዳሜና እሁድ በሚኒባስ እንጅባራ ስመላለስ ቤቱን የሚይዘው ባለቤቴ ነበር፤ የሚሠራው ሽሮ ሁልጊዜ ጨው ይበዛበታል፣ ልጆቹ ግን ለእኔ ሲሉ ዝም ብለው ይበላሉ። እንግዲህ ብወድቅ የምወድቀው ብቻዬን አልነበረም። ያን ቀን ቤት ስገባ ባለቤቴና ሦስቱ ልጆቼ በር ላይ ቆመው «እንዴት ሆነ?» አሉኝ። «ትንሽ ማስተካከያ አለው» አልኳቸው። ትንሽ! ጓዳ ገብቼ ነው ያለቀስኩት።

ጥናቴ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ስላለው የከሰል ንግድ ነው። እዚያ ገበሬው ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ይተክላል፤ ሲደርስ ቆርጦ ያከስልና ይሸጣል። በዚህ ዛፍ ብዙ ሣር ቤት ቆርቆሮ ለብሷል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ዛፉ በሽታ ገባበት፤ ሳይደርስ ይደርቅ ጀመር። የእኔም ዋና ጥያቄ «ወደፊት ዲከረንስ ትተክላላችሁ ወይስ ወደ እህል ትመለሳላችሁ?» የሚል ነበር።

በመጀመሪያው ዙር የጠየቅኳቸው ሰንበቴ ላይ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባወራዎቹ በዕድሜ ተራ ተቀምጠው ዳቦና ጠላ ይቀማመሳሉ፤ ሁሉንም ባንድ ቦታ ማግኘቴ ዕድል መስሎኝ ነበር። ከላይ የተቀመጡት ሽማግሌ የዲከረንስን ችግኝ መጀመሪያ ወደ መንደሩ ያመጡት ሰው ናቸው። «እንተክላለን እንጂ! ዛፍ ታመመ ተብሎ ይተዋል?» አሉ። አጠገባቸው ያለውን ጠየቅኩት። «እንደሳቸው ነው» አለኝ። ቀጣዩም «እንደሳቸው ነው»። እስከ ታችኛው ድረስ ወረደ። በእኛ አገር ከሽማግሌ በኋላ ሌላ ሐሳብ ማንሳት ሽማግሌውን መድፈር ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው መጠይቅ ደግሞ ሽማግሌ አያውቅም።

በሁለተኛው ዙር ሰንበቴውን ተውኩት። በገበያ ቀን ማለዳ መንገድ ላይ ጠበቅኋቸው። ከሰል የጫነ ሰው ፈረሱን እየነዳ ብቻውን ነው የሚሄደው፤ ዓይኑ ጭነቱ ላይ ስለሆነ የሰው ፊት አያይም። እንዲህ ያለ ሰው ለወሬ ይመቻል። አጠገቡ እየተራመድኩ፣ ጫማዬ ጭቃ እየጠጣ፣ ያንኑ ጥያቄ አነሳሁለት።

የመጀመሪያው ሰው የፈረሱን ጭነት አጠበቀ። «እውነቱን ልንገርሽ እታለም? እኔስ ዲከረንስ በቅቶኛል። የገበሬ ልጅ ገብስ ሸምቶ ሲበላ ያሳፍራል። ግን ሽማግሌው እንተክላለን ካሉ እኔ ማን ነኝ? አደራ፣ ከእኔ ሰማሁ እንዳትይ።»

ማንንም እንደማልጠራ ቃል ገባሁለት። በየገበያው ቀን ሌሎቹንም እንዲሁ አገኘኋቸው። ከሰሉን አልተውም ያሉ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን ማሳቸውን ወደ እህል መመለስ ይፈልጋሉ። አንዱ እየሳቀ፣ አንዱ ወደ ኋላው እየተገላመጠ ነገረኝ። ሁሉም «አደራ» አሉኝ። ደስታዬን አልደብቅም፤ መልሱ ተለያይቶልኛልና በየመንገዱ ዝለይ ዝለይ ይለኝ ነበር።

ሽማግሌውን ያገኘኋቸው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጨው ሊገዙ ብቻቸውን ሲወርዱ። «እርስዎስ አባቴ፣ ይተክላሉ?» አልኳቸው።

ቆሙ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ለሰው አታወሪም?»

«አላወራም።»

«ዛፉ አልቆለታል ልጄ። እኔ የምፈልገው ማሳዬ ላይ ገብስ አይቼ መሞት ነው። ግን ይህ ሁሉ ሰው በእኔ ቃል መሬቱን ዛፍ አልብሶ፣ አሁን ተሳስቻለሁ ብል በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ዝም አይነቅዝም። ሆድ ይፍጀው ብያለሁ።»

እሪ ማለት ቀረኝ። እሳቸው እነሱን ፈርተው፣ እነሱ እሳቸውን አክብረው፣ የሚደርቅ ዛፍ ሊተክሉ ነው! እኔ ደግሞ የሁሉንም አደራ ተሸክሜ ምላሴን ነክሼ ቆሜያለሁ። ጨዋቸውን እስከሚገዙበት ድረስ ሸኘኋቸውና ተመለስኩ።

በሁለተኛው ፈተና ቀን እኚያው ፈታኝ ፊት ቆምኩ። «የመጀመሪያውና የሁለተኛው መልስ ለምን ተለያየ?» አሉኝ።

«መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ተሰብስበው ነው፤ ኋላ ግን ለየብቻ» አልኩ። ሰንበቴውንም፣ የገበያውን መንገድም ነገርኳቸው።

ፈታኙ ፈገግ አሉ። «አባቴ ቤትም እንዲሁ ነበር» አሉና ገጹን ገለጡ። አለፍኩ። ባለቤቴ ጋ ደውዬ ሦስቴ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ በአራተኛው ሲሰማኝ እልልታውን የለቀቀው እሱ ነው። በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ በመስታወቱ ያየኝ ነበር። ግድ አልሰጠኝም። ያን ሁሉ ወራት ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ወርዶልኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል፤ ውጤቱን ለመንደሩ መንገር አለብኝ። ዝናቡ ሳይገባ አንድ እሁድ ሰንበቴው ላይ ተገኘሁ። የማንንም ስም ሳልጠራ «ካነጋገርኳችሁ አብዛኛው ወደ እህል መመለስ ይፈልጋል» አልኩ።

ሁሉም ዓይን ወደ ሽማግሌው ዞረ። እኚህን ሰው በገዛ ሰዎቻቸው ፊት አዋርጄአቸው ቢሆንስ?

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች የተቀመጠውን ሰው አዩት። «አብዛኛው?» አሉኝ።

«አዎ አባቴ።»

«እንግዲህ አንዱ እኔ ነኝ» አሉ።

ትንሽ ቆይተው «ግን ዘሩስ? ለዘንድሮ የገብስ ዘር ከየት ይመጣል?» ሲሉ ከታች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ዘንድ ትንሽ አለ። እንጅባራ፣ ቆሰበር ገበያ ድረስ ሄጄ ነው የገዛሁት። አዲስ ቅዳም ብገዛ ሰው ያየኛል ብዬ።»

«አንተም ከቆሰበር?» አለ ሌላው ብድግ ብሎ። «እኔም እኮ ለዚሁ ብዬ ነው ቆሰበር ድረስ የሄድኩት!»

ሦስተኛው «እኔም» ብሎ ሳይጨርስ ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ «ዝም በሉ እስቲ!» አሉ። «እኔስ ከጎተራዬ ሥር የደበቅኩት ዘር ከየት የመጣ መስሏችኋል?»